ለሌለች ከተማ የጎብኚ መምሪያ ስሠራ

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ደብተሬን አገላብጣ አገላብጣ ስታበቃ "ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?" አለችኝ።

ደብተሩ ውስጥ ያለችው ከተማ ነደራ ትባላለች። ለልቦለድ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት በሐሳቤ ይዣት ዞሬያለሁ። የገዥዎቿን ዘር እስከ አስራ አንደኛው ትውልድ ቆጥሬ ጽፌያለሁ፣ ሁለት ጦርነት አሳልፌባታለሁ፣ የራሷ የዘመን አቆጣጠር ሁሉ አላት። ውሃ ግን የላትም። ገደል አናት ላይ ነው ያስቀመጥኳት፣ ወንዝ በአጠገቧ አያልፍም፣ ጉድጓድም አልቆፈርኩላትም። ለልጅቷ "አስቤ እነግርሻለሁ" አልኳት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ።

ልቦለዱን አቁሜ በስዕል የተሠራ የጎብኚ መምሪያ ለመጀመር የወሰንኩት በማግስቱ ነው። ልቦለድ ውስጥ ጀግናው ውሃ ሳይጠጣ ሦስት ምዕራፍ ቢጓዝ ማንም አይጠይቅም። መምሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የት ይደር? ምን ይብላ? በስንት? ጫማውን የት ያውልቅ? መጀመሪያ ማንን ሰላም ይበል? እነዚህን ሳትመልሱ አንድ ገጽ አትሄዱም፣ እና እኔ አንዱንም አላውቅም ነበር።

ስዕሉ ደግሞ ከጽሑፉ ይብሳል። "ትልቅ የእንጨት በር" ብሎ መጻፍ አምስት ሰከንድ ነው። ለመሳል ስትቀመጡ ግን እርሳሱ ይቆማል። ማጠፊያው በየት በኩል ነው? የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ከላይ ያለውን ግንብ ምን ተሸከመው? መሳል ያቃተኝ ነገር ሁሉ በደንብ ያላሰብኩት ነገር ሆኖ ተገኘ። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ስዕል ለእኔ ማስዋቢያ መሆኑ ቀረ፣ መመርመሪያ ሆነ።

ሐረር መኖሬ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል፣ ስለዚህ አያየውም። እኔም አላይም ነበር። አሁን በሳምንት ሁለት ጠዋት ደብተር ይዤ እገባለሁ። አምስቱን የጥንት በሮች አንድ በአንድ ሳልኳቸው፣ እና ከስዕሉ በላይ ያስገረመኝ ስማቸው ነው። እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ቡዳ በር በድሮ በሪ ነው። ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና ደግሞ አሱም በሪ። አንድ በር፣ ሁለት ስም፣ እና ሁለቱም ትክክል። ነደራ ውስጥ ሁሉም ቦታ አንድ አንድ ስም ብቻ ነበረው። ለዚህ ነበር ካርታዋ ቀበሌ ያወጣው ይመስል የነበረው። አሁን ለእያንዳንዱ በር ሁለት ስም ሰጠሁት፣ ነጋዴው የሚለውንና እዚያው የተወለደው የሚለውን። መምሪያውም ለእንግዳው "ባለ በቅሎውን ስትጠይቅ ይሄን በል፣ አሮጊቷን ስትጠይቅ ያንን" ይለዋል።

የግንቡን ግርጌም ሳልኩ። ጅቦች ማታ ማታ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ። ጠላትን ከውጭ ለማስቀረት ግንብ ሠርቶ ለአውሬው መግቢያ የተወ ከተማ ውስጥ እየኖርኩ፣ የፈጠርኳት ከተማ ግንብ ላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም። በጣም ተሰማኝ። ከእውነተኛው ቦታ ያነሰ ነገር ነው ስፈጥር የኖርኩት።

የውሃው መልስ የመጣው ግን ከሌላ አገር ነው። ቺሊና ሞሮኮ ውስጥ በደረቅ ተራሮች ላይ ሰዎች በምሰሶዎች መካከል መረብ ወጥረው ውሃ ከጉም ይሰበስባሉ። ጉሙ በመረቡ ሲያልፍ ክሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጠብታው ወደ ታች ይወርድና በቦይ ወደ ማጠራቀሚያ ይሄዳል። ገደል አናት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም፣ ንፋስ፣ ይሄ ሁሉ ነደራ ላይ አለ! መረቦቹን ከሳልኩ በኋላ ከተማዋ በራሷ መናገር ጀመረች ብል አልዋሸሁም። መረብ ይቀደዳል፣ ስለዚህ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። የሚጠግን ሰው ካለ የሙያው ሰፈር ይኖራል። ለዚያ ሰፈር መኪና ግርግርን ሄጄ ሳልኩ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ስሙን የሰጠውን መንገድ። ከሰፊዎቹ አንዱ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አይቼ እንድስል መኪናውን ቀስ አድርገው ሲነዱልኝ ቆዩ። ከዚያ ደግሞ ሕግ መጣ። ጠዋት ማለዳ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ ጭሱ መረቡን ያቆሽሻል። ስለዚህ ቁርስ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ የነደራ ሰው የሚታወቅበት ምግብ ማታ ተጋግሮ ጠዋት የሚበላ ቂጣ ሆነ። ስድስት ዓመት የጻፍኩት የገዥዎች ታሪክ ከዚህ ቂጣ ጋር አይወዳደርም፣ ከልቤ ነው።

እንግዳው እንዴት ይመጣል ለሚለው ሩቅ አልሄድኩም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር መስመር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ሐረርን ትቶ ነው፣ ተራራው ለሐዲድ አልመች ስላለ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተወለደችው በዚያ ምክንያት ነው፣ በመካከላችን ያለው ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ መንገድ ነው። ነደራም ከገደሉ ሥር ጣቢያ አላት። ጣቢያው አካባቢ አዲስ፣ ሞቃት፣ ችኩል ከተማ አድጓል፣ የላዮቹና የታችኞቹ ይፎካከራሉ፣ ይጋባሉም። ሽቅቡን በበቅሎ ነው። ካርታው ላይ ኪሎ ሜትር አልጻፍኩም። "ከጣቢያው እስከ ሰሜን በር፣ ለበቅሎ ሦስት ሰዓት፣ በክረምት አራት ተኩል" ብዬ ነው የጻፍኩት። መንገደኛ የሚፈልገው እሱን ነው።

ካርታ ካነሳሁ አይቀር፣ የመጀመሪያው ላይ ወንዜ ከተራራ ወርዶ ሜዳ መሃል ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት ባሕር ይሄድ ነበር። ወንዞች ወደ ታች ሲሄዱ ይገናኛሉ እንጂ እንዲህ ተለያይተው የሚቀሩት ከስንት አንዴ ነው፣ ባሕር አፍ ላይ ካልሆነ በቀር። ሙሉ ገጽ ቀድጄ እንደገና ሳልኩ።

ለመሞከር ለምትፈልጉ ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። መስመሩን ውሃ በማይፈታው ቀለም አስቀድማችሁ ሥሩ፣ ሲደርቅ ነው ውሃ ቀለሙ የሚመጣው። እኔ ተቻኩዬ የአንድ ቤት ውስጥ ስዕል ሙሉ በሙሉ ፈሰሰብኝ። የሐረሪ ቤት ነደባዎችን፣ ከፍ ተደርገው የተሠሩትን መቀመጫዎች፣ መነሻ ያደረግኩበት፣ ሦስት ቀን የፈጀ ስዕል ነበር። ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ካገኛችሁ ብዙም አይኮማተርም። መጽሐፉን አጥፋችሁ መሃሉን የምትሰፉት ከሆነ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። የእኔ 62 ገጽ ነበር፣ ሁለት ገጽ መጨመር ግድ ሆነ። ለሙከራ ያሳተምኩበት ቤት ጠርዙን ቆርጦ የሁለት ካርታ ስም በላብኝ፣ ቀለሙም ስክሪን ላይ ካየሁት ጠቁሮ ወጣ። ስለዚህ ስዕላችሁን ከገጹ ጠርዝ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፋችሁ አዘጋጁ፣ ጽሑፉን ግን ወደ ውስጥ ሰብስቡት። አንድ ገጽ ብቻ አሳትማችሁ ሳታዩ ሁሉንም አትዘዙ።

በተጨመሩት ሁለት ገጾች ምን እንደማደርግ ለእህቴ ልጅ ጠየቅኳት። "ገበያ የላቸውም እኮ" አለች። እውነቷን ነው። በሮች፣ መረብ፣ ጣቢያ፣ ማደሪያ ሁሉ አለ፣ ሰው ተቀምጦ የሚሸጥበት ቦታ ግን የለም። ነገ በጠዋት ኤረር በር እንሄዳለን፣ ሴቶቹ ጫትና እንጨት ዘርግተው የሚቀመጡበት። እሷ የሚሸጠውን ዓይነት ትቆጥራለች፣ እኔ እጃቸውን እስላለሁ።