ብረት ምጣድ ማሟሸት፦ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው

ቡና ሲቆላበት ገለፈቱ የማይጣበቅ ብረት ምጣድ ይኸው አለኝ። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

የገዛሁት ከሂርማታ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። መካኒኮች ጊዛ የሚሉት ከባድ ብረት ሲሆን ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሣ ነበር። አቼቶና ውሃ እኩል ደባልቄ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ በሽቦ ፈትጌ፣ አጥቤ፣ እሳት ላይ አደረቅኩት። በጅማ ክረምት በራሱ ይደርቃል ብላችሁ እንዳትተዉት፤ እኔ ለአንድ አፍታ ዘወር ብዬ ስመለስ ብርቱካናማ አቧራ ለብሶ ጠበቀኝ።

መከራዬ ማሟሸቱ ላይ ነው። ዘይት በበዛ ቁጥር ብረቱ የሚጠግብ መስሎኝ የኑግ ዘይት አፈሰስኩበትና ከሰል ላይ ጣድኩት። ሲበርድ አብረቀረቀ። በማግስቱ እንግዳ ጠርቼ ቡና ቆላሁበት፤ ገለፈቱ ማር ላይ እንዳረፈ ዝንብ ተለጥፎ ቀረ፣ ቡናውም የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። እንግዶቼ አቦሉን ቀምሰው ቶናውን ሳይጠብቁ ተነሡ።

ፍቄ ደገምኩት፤ አጣበቀ። ሠለስኩት፤ አሁንም አጣበቀ። ይኼኔ አክስቴ አይተውኝ «ልታሟሸው ነው ወይስ ልትጠብስበት?» አሉኝ። እሳቸው የሸክላ ምጣዳቸውን በጎመን ዘር ሲያሹ ማሰሻው ባለፈበት ወዝ እንጂ ዘይት አይታይም።

ነገሩ ይኸው ነው። ስስ ዘይት ሲግል ተያይዞ ይጠነክራል፤ ወፍራሙ ግን ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ቀብታችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ምንም አልቀረም እስክትሉ ጥረጉት፤ ያ ይበቃል። ከዚያ ደጅ አውጥታችሁ በደንብ በተያያዘ ከሰል ላይ ድፉት፤ ጢሱ እስኪያባራ አትንኩት። እኔ ስድስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። በለዘበ ፍም የሞከርኩት አንዱ ዙር ከንቱ ሆነ።

የተልባ ዘይት ያሞገሱልኝ አሉ፤ ያማረ ጥቁር ይሰጣል፣ በኋላ ግን ይላላጣል። «ሳሙና አይንካው» የሚለውንም አልቀበልም፤ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው ነክሮ ማሳደር ነው። ቲማቲምም ይጎዳዋል፤ ይህን እያወቅኩ ስልስ ሠርቼበት መሀሉ ገርጥቷል፣ ስልሱም ብረት ብረት ብሏል። አሁን ለቡና ብቻ ነው።

እጀታው ሥር ያለውን ዘይት በደንብ አልጠረግኩትም መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ ያጣብቃል። በጨርቅ ነው የማነሣው።