ሳል ሲመጣ እግር ማጠላለፍ

ስደት ላይ ያለን ሴቶች ስንገናኝ የማናወራው ነገር የለም። ስለ ወረቀት፣ ስለ ሺፍት፣ ስለ ወገብ ሕመም እናወራለን። ስናስነጥስ ሽንት እንደሚያመልጠን ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔም ለዓመታት አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ስለ እሱና ስለረዳኝ ቀለበት አወራለሁ።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሰው ከአልጋ ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ከበድ ያለ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ጠብ ይልብኝ ጀመር። ቀጥሎ ስስቅ፣ ከዚያ ስስል። ሳል ሲመጣብኝ ፈጠን ብዬ እግሬን አጠላልፋለሁ። ሞዴስ፣ በኋላም ወፍራሙን ሞዴስ፣ ሁልጊዜ ጥቁር ሱሪ። ውኃም ቀነስኩ። እሱ እንኳ ጭራሽ ነገር የሚያባብስ ነው። የወፈረና የጠቆረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ውኃ ማነስ ሆድ ያደርቃል፤ ማማጡ ደግሞ ያንኑ የላላውን ጡንቻ ይጎዳዋል።

ክሊኒክ ስሄድ በስልክ ያገናኙኝ አስተርጓሚ ወንድ ነበር። «ወገቤን ያመኛል» ብዬ ወጣሁ። ሴት አስተርጓሚ ይመደብልኝ ማለት እንደሚቻል የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ መቼ መቼ እንደሚያመልጠኝ ነው። ስስልና ስሸከም ነው ወይስ ድንገት አጣድፎኝ ሽንት ቤት ሳልደርስ? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የሚመጣው የሽንት ቱቦን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ ነው። ወሊድ፣ ዕድሜ፣ ከባድ ሸክም፣ የማይለቅ ሳል፣ የሰውነት ክብደት ያላሉታል። የውኃ ጎማን ጭቃ ላይ ብትረግጪው ውኃው መፍሰሱን አይተውም፤ ድንጋይ ላይ ብትረግጪው ግን ይዘጋል። የኛ ጭቃ ሆኗል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አጣዳፊው፣ የፊኛ ጠባይ ስለሆነ አሁን የማወራለት ቀለበት አይፈታውም። ሽንቴም ኢንፌክሽን ይኑረው አይኑረው ተመረመረ።

ከዚያ ፔሳሪ የሚባለውን አሳየችኝ። ለስላሳ የሲሊኮን ቀለበት ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ እብጥ ያለች ነገር አለችው። ታጥፎ ብልት ውስጥ ይገባና እዚያ ይዘረጋል። እብጠቷ ወደ ፊት ዞራ ከሽንት ቱቦ ሥር ትቀመጣለች። ስትስዪ ቱቦው የሚደገፍበት ያገኛል፣ ይዘጋል። አለቀ። መድኃኒት የለው፣ ቀዶ ሕክምና የለው።

ልኩን ማግኘት ግን ሥራ አለው። «ጠንከር አድርገው ይሳሉ» ትለኛለች በአስተርጓሚዋ በኩል። «አሁን ቁጢጥ ይበሉ። ትንሽ ይዝለሉ።» እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስዘልና ስስል አስተርጓሚዋ ራሷ ስልኩ ላይ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ያኔ ጠብ አላለም። ሽንት ቤት ስቀመጥ ግን ቀለበቱ ተንሸራቶ ወጣ። ከፍ ያለ ቁጥር ተሰጠኝ። ከክሊኒኩ ከመውጣትሽ በፊት እዚያው መሽናት አለብሽ፤ ቀለበቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ቱቦውን ይዘጋዋል። ልኩ ሲሆን እንዳለ እንኳ አይታወቅሽም።

ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ አይቶ ቁጥር ገምቶ መግዛትን የማልወደው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ፣ በተለያየ መጠን የሚመጡና እየታጠቡ የሚደጋገሙ መሣሪያዎች አሉ። ስፖርት ስትሠሪ ብቻ ለሚያመልጥሽ ይጠቅሙ ይሆናል። ቢሆንም መጀመሪያ አንድ ጊዜ ታዪ። ለወር አበባ የሚሆነው ኩባያ ለዚህ አልተሠራም። ሽንት ቱቦው ውስጥ የሚገባ መሰኪያም አለ፤ እሱ ኢንፌክሽን ስለሚያመጣ እኔ አልነካውም።

አያያዙ ቀላል ነው። እጅ መታጠብ፣ ቀለበቱን አጣጥፎ ማስገባት፣ አስፈላጊ ከሆነ ውኃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ መቀባት። እኔ ለሥራ አስገባዋለሁ፣ ማታ አወጣዋለሁ፣ በለዘብተኛ ሳሙናና በውኃ አጥቤ አደርቀዋለሁ። ራሷ ማውጣት የማትችል ሴት በየጥቂት ወሩ ክሊኒክ ሄዳ ታስወጣለች፣ ታሳጥባለች። ረስቶ መተው ግን ጉድ ያመጣል፤ ውስጡን እየፈተገ ያቆስላል። ፈሳሽ ትንሽ ይጨምራል፣ ይሄ የተለመደ ነው። የወር አበባ የቆመላት ሴት ውስጧ ስለሚሳሳ አንዳንዴ የኢስትሮጅን ክሬም ይታዘዝላታል።

ቀለበቱ ሲገባ ይሠራል፣ ሲወጣ ያቆማል። ጡንቻውን አያጠነክርም። ለዚያ ስፖርቱ አለ፦ አርኖልድ ኬግል የተባለ ሐኪም በ1948 የጻፈለት። ፈስ እንደምትይዢው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ትለቂዋለሽ። ሆድና ቂጥ አይጨበጥም፣ ትንፋሽም አይያዝም። በአንድ ዙር ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠሽ ብትሠሪው ማንም አያውቅብሽም። በትክክል እየሠራሽ መሆኑን ግን ፊዚዮቴራፒስት ትይልሽ፤ ብዙዎቻችን እየገፋን ነው የሳብን የሚመስለን። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት ፔሳሪንና ስፖርቱን አነጻጽሮ ነበር። በ3 ወር ስፖርቱ በልጧል፤ በ12 ወር ልዩነቱ ጠፍቷል። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። ስፖርቱ እስኪደርስ ድረስ ሰው የማነሳው በምኔ ነው?

ያልታወቀ ደም፣ ሕመም፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ወይም ሽንት እምቢ ማለት ካለ ቀለበቱን አውጥተሽ ደውዪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ሉፕ (ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ) ካለሽ ከማስገባትሽ በፊት ተናገሪ። ሴት አስተርጓሚ የምትፈልጊ ከሆነም ቀጠሮውን ስትይዢ ነው የሚባለው፤ በቀጠሮው ቀን ከሆነ ያለውን ነው የሚያገናኙሽ።