ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሥራው እንዳያልቅ

ዩኒቨርሲቲ በድሃ ሰፈር ነዋሪ ለማደራጀት ሲነሳ ትልቁ እንቅፋት የራሱ የትምህርት ካላንደር ነው። ሴሚስተር አራት ወር ነው፤ አመኔታ በአራት ወር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1884 በምሥራቅ ለንደን ቶይንቢ ሆል የተባለውን የማኅበረሰብ ማዕከል ያቋቋሙት ሰዎች፣ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ምሩቃንን ሰፈሩን ጎብኝተው እንዲመለሱ ሳይሆን እዚያው እንዲኖሩ ነው ያደረጉት። ያ ካልተቻለ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የማይነቃነቅ አንድ የሙሉ ጊዜ አደራጅ ይቀጠር። እሱ ሳይኖር ተማሪ ባይላክ ይሻላል።

በመጠይቅ አትጀምሩ። ቅጽ ይዞ የመጣ ተማሪ ለነዋሪው ቆጣሪ ነው፤ ስንቴ ተቆጥሮ ምንም አላየም! ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማውራት፣ ማስታወሻውን ከቤቱ እንደወጡ መጻፍ። ማታ ድረስ ከቆየ ግማሹ ይረሳል። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «እዚህ ሰፈር የሚያንገበግብዎ ምንድን ነው?» እና «ሲቸግርዎ መጀመሪያ ማን ጋ ይሄዳሉ?» ለሁለተኛው ጥያቄ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ሰው መሪ ነው። ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው አይደለም።

ወደ 40 ሰው ካነጋገራችሁ በኋላ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑት በአንድ ነዋሪ ቤት ይሰብሰቡ። «ድህነት» የሚለው ጉዳይ እዚህ ተሰንጥቆ አንድ ቁራጭ ይውጣ። መብራት የሌለው መንገድ ጥሩ ጉዳይ ነው፦ የሚወስነው ኃላፊ ይታወቃል፣ ቀን ይቆረጥለታል፣ መሠራቱንም ማታ ወጥቶ ማየት ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠራውን የሰፈሩን ትልቅ ስብሰባ ነዋሪ ይምራ፤ ተማሪው ወንበር ይደርድር፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። «እመጣለሁ» ካለው ግማሹ ይቀራል፤ 30 ሰው የፈለገ 60 ይጥራ፣ ዋዜማውንም ለሁሉም ይደውል።

ብር ላይ ብዙ ፕሮጀክት ይሰናከላል። ለትራንስፖርት ከኪሱ ያወጣ ነዋሪ የፋይናንስ ክፍሉን ፊርማ ሁለት ወር ሲጠብቅ ዳግመኛ አይመጣም፤ አያስፈርድበትም። ከመጀመሪያው ቀን ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ በእጅ የሚያዝ ገንዘብ) ይፈቀድ።

ተማሪ ሲቀያየር ርክክቡ ደግሞ በኢሜይል አይሆንም። የሚሰናበተውና የሚተካው ተማሪ 6 ሳምንት አብረው ይዙሩ፤ እያንዳንዱ መሪ አዲሱን ልጅ በቤቱ ይተዋወቀው። የስልክ ዝርዝሩና የቃለ ጉባኤው ደብተር በነዋሪዎቹ እጅ ይቀመጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ኮፒ ይውሰድ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሥራውን የሚከታተለው መምህር የተዛወረ ቀን ዝርዝሩም አብሮት ይሄዳል።