መስመሩን ብቻ አይተን

መስከረም 2015 ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ 2022። ፍሎሪዳ ፎርት ማየርስ፣ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ ነበር የምንኖረው። ኢያን የሚባለው ሃሪኬን ገና ከኩባ በታች እያለ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አውሎ ነፋሱ የሚሄድበትን የሚያሳየው የመሃሉ መስመር ታምፓ ላይ ነበር። ስለዚህ ታምፓ ያለችው ጓደኛዬ ሁለት ልጆቿን ይዛ እኛ ጋ መጣች። ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። «እዚህ ደህና ነው፣ መስመሩ ከኛ ርቋል» ብዬ። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የደመራ ዕለት እናቴ ከደሴ ደወለች። የሰፈሩ ደመራ ወደየት እንደወደቀ ነገረችኝና «ያ ነፋስስ ወደየት ነው የሚወድቀው?» አለችኝ።

«ወደ ታምፓ ነው እማዬ፣ አታስቢ።»

ያኔ ያልገባኝን ልንገራችሁ። ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ካርታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ይስላል፤ ሰዉ ኮን ይለዋል። ኮኑ የሚለው «የአውሎ ነፋሱ ዓይን፣ ማለትም መሃሉ፣ ከዚህ ውስጥ በአንዱ በኩል ሳያልፍ አይቀርም» ብቻ ነው። ስፋቱ የሚለካው ባለፉት 5 ዓመታት ትንበያው ምን ያህል እንደሳተ ታይቶ ነው። ከ3 ጊዜ 2ቱን ያህል ዓይኑ እዚያው ውስጥ ይቆያል፣ በቀረው ጊዜ ይወጣል። ስለ ዝናቡና ስለ ባሕሩ ውሃ ግን ኮኑ ምንም አይናገርም። ኢያን ሊደርስ 3 ቀን ሲቀረው እኛ ጠርዙ ላይ ነበርን። ጠርዙም እኮ ውስጥ ነው! እኛ መስመሩን ብቻ አየን።

ደግሞ ኢያን የመጣው ከባሕር ዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ሊባል በሚችል አቅጣጫ ነው። እንዲህ ሲሆን ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር ካለ የሚመታው ከተማ ሌላ ይሆናል። ኮምፒውተሮቹም አልተስማሙም፤ የአሜሪካው ሞዴል ወደ ሰሜን ሲገፋው የአውሮፓው ቀደም ብሎ ወደ ምሥራቅ ያዞረው ነበር።

አዲስ ትንበያ በየ6 ሰዓቱ ይወጣል። በፈረንጅ ሰዓት 5 እና 11 ላይ፣ ጠዋትም ማታም። በኛም ሲቆጠር ያው 11 እና 5 ነው፤ ደሴ ግን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም ለእናቴ 6 እና 12 ይሆናል። እኔ 5 እና 11ን፣ እሷ 6 እና 12ን እንጠብቅ ነበር።

ማክሰኞ መስቀል ነው። ዶሮው ምድጃ ላይ ነበር። በየትንበያው መስመሩ ወደኛ ሲጠጋ አደረና ጠዋት የሁላችንም ስልክ በአንዴ ጮኸ፤ ውጡ የሚል ትእዛዝ። የጓደኛዬ ትልቁ ልጅ «ከዚህም ልንሸሽ ነው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ድስቱን በፎጣ ጠቅልለን፣ ልጆቹ ጭን ላይ አስቀምጠን፣ ከባሕሩ ራቅ ያለችው ሊሃይ ኤከርስ ወዳለች ዘመድ ቤት ሄድን።

የባሰው ጉልበቱ ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ነፋሶች ናቸው፤ ይሄን በመተንበይ ከ30 ዓመት ወዲህ ብዙ ተሻሽለዋል። ምን ያህል እንደሚበረታ ግን ከባዱ ጥያቄ ነው። የባሕሩ ሙቀት አለ፣ ላይና ታች ያለው ነፋስ ልዩነት አለ፣ ዓይኑ ውስጥ የሚደረገው ነገር አለ። ለዚህ ነው አውሮፕላን ይዘው መሃሉ ድረስ እየገቡ መለኪያ የሚጥሉት። ማክሰኞ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 195 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ተኝተን ስንነሳ 250።

ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ ካዮ ኮስታ ደሴት ላይ ወጣ። መብራት ጠፋ። ጣሪያው ሲያቃስት ልጆቹን መታጠቢያ ቤት ውስጥ በፍራሽ ሸፍነን ቁጭ አልን።

ቤታችን ስንመለስ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ነበር። ደረቴ ጋ ይደርሳል። ምጣዱ ጭቃ ሞልቶት ሶፋው ላይ ተቀምጧል። በአካባቢያችን ብዙ ሰው የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ውሃው ነው፤ እዚህ ሰርጅ የሚሉት፣ ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ ወደ ሰፈር የሚያስገባው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኞቹ ኃይለኛ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች የሚወለዱት ከአፍሪካ ከሚነሱ የአየር ሞገዶች ነው። በክረምት ከዳርፉር ተራሮችና ከኛው ደጋ አካባቢ የሚነሳው ነጎድጓዳማ ደመና ለሞገዶቹ መነሻ ይሆናል። በዓመት 60 ገደማ ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ፤ አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ይበተናሉ። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «የኛ ደመና ነው እንዴ?» አለችኝ።

በ2017 መስከረም መጨረሻ ሚልተን የሚባል ሌላ ሃሪኬን መጣ። ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከደረጃ 1 ወደ መጨረሻው ደረጃ፣ ወደ 5 ዘለለ። መስመሩ አሁንም ታምፓ አካባቢ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ግን ከታምፓ በስተደቡብ ሲየስታ ኪ ላይ ነው። ሰኞ ዕለት ለጓደኛዬ ደወልኩ። ገና አፌን ሳልከፍት «መስመሩን አላየሁም» አለችኝ። «ሰፈራችን ዞን ኤ ነው፣ ውሃ ይገባል ብለዋል፣ ወጥተናል።» ከኋላ ልጆቹ ይጫጫሉ። ወደ አትላንታ መንገድ ላይ ናቸው። እኛም ሻንጣ እየቋጠርን ነበር።