ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚናበቡ ሰዓቶች፦ ክሮኒን በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ማዋቀር

አንድ የክፍያ ጥያቄ ዌብ ሰርቨሩ ላይ በ09፡14፡07 እንደደረሰ፣ ዳታቤዙ ግን ያንኑ ክፍያ በ09፡14፡05 እንደመዘገበ የሚያሳዩ ሁለት ሎጎችን (የክንውን መዝገቦችን) ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደተፈጠረ ለማስረዳት መሞከር አድካሚ ሥራ ነው። መልሱ ከጥያቄው ሁለት ሰከንድ ቀድሞ የመጣ ይመስላል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የፕሮግራም ስህተት ሳይሆን የሰዓት አለመናበብ ነው፤ ሆኖም ሰዓቱን የሚጠረጥር ሰው እስኪገኝ ድረስ ኮዱም፣ ኔትወርኩም፣ የኮዱ ጸሐፊም በየተራ ይመረመራሉ። በዚህ ጽሑፍ የኮምፒውተሮችን ሰዓት በኔትወርክ የሚያናብበው ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም በኡቡንቱ ሰርቨር (በሊኑክስ ዓይነት የሰርቨር ሥርዓት) ላይ እንዴት እንደሚዋቀር አስረዳለሁ። አጥብቄ የምከራከርበት ነጥብ ግን አንድ ነው፦ ኢንተርኔትና መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ውስጥ እያንዳንዱ ማሽን በየፊናው ወደ ውጭ ወጥቶ ሰዓት መጠየቅ የለበትም። ሁለት ወይም ሦስት የውስጥ ሰርቨሮች ከውጭ ይጠይቁ፤ የቀረው ማሽን ሁሉ እነሱን ይጠይቅ።

የኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥረው በኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት ነው፤ ንዝረቱ ደግሞ እንደ ሙቀቱና እንደ ክሪስታሉ ዕድሜ ይለዋወጣል። ከአንድ ሚሊዮን 20 እጅ ብቻ ቢዛባ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ደግሞ 52 ሰከንድ ያህል ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ይህ ለግድግዳ ሰዓት ምንም አይደለም። ለሰርቨር ግን ጉዳት አለው፤ የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት በነባሪ ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ያለውን ማሽን አያስገባም፣ ስልክ ላይ የሚመነጨው የማረጋገጫ ኮድ በተለመደው አሠራር በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል፣ የዌብሳይት የደኅንነት ሰርተፍኬትም የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ወይም አልፎበታል ተብሎ ይጣላል።

ወደ ቅንብሩ ከመግባታችን በፊት በእኛ አገር በተለይ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በኔትወርክ የሚመጣው ሰዓት ሁልጊዜ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ 3 ሰዓት መቅደሙ የሰዓት ቀጠና ቅንብር ጉዳይ እንጂ የማናበብ ጉዳይ አይደለም። ቀኑን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን፣ ማለትም 9፡00 የሚለውን ማሽን 3 ሰዓት ብለን ማንበባችን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ የአነጋገር ልማድ ነው። ኮምፒውተሩ «በሐበሻ ሰዓት» እንዲያሳይ ብሎ ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ የሚመልስ ሰው አጋጥሞኛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮው ሲስተም መግባት እንደማይችል መገመት አያስቸግርም። በእኔ ምርጫ ሰርቨሩ ራሱ በዩቲሲ ይቆይ፤ የአካባቢ ሰዓትና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ ላይ ይሠሩ።

አሁን አሠራሩን እንመልከት። ኤን ቲ ፒ የሚባለውን፣ ማሽኖች በኔትወርክ ሰዓት የሚጠያየቁበትን ፕሮቶኮል የነደፈው የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሚልስ ሲሆን የመጀመሪያው ይፋዊ ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምበት አራተኛው ዕትም ደግሞ በ2010 ጸድቋል። የሐሳቡ እምብርት አራት የሰዓት ማህተሞች ናቸው። ጠያቂው ጥያቄውን የላከበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ጥያቄው የደረሰበትንና መልሱን የላከበትን ሰዓት ይጨምራል፤ መልሱ ሲደርስ ጠያቂው አራተኛውን ይመዘግባል። ከእነዚህ አራት ቁጥሮች የጉዞው ርዝመትና የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ይሰላል። ስሌቱ ግን የሚቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ይወስዳሉ የሚል።

ይህ ግምት የሚፈርስበትን ሁኔታ በቁጥር እንየው። ሰራተኞች ትልልቅ ፋይል ወደ ውጭ እየላኩ የቢሮው መስመር ተጨናንቋል እንበል፤ ጥያቄው ለመሄድ 180 ሚሊ ሰከንድ፣ መልሱ ለመምጣት 40 ሚሊ ሰከንድ ወሰደ። የጠያቂው ሰዓት ፍጹም ትክክል ነው ብንል፣ 0 ላይ የተላከው ጥያቄ ሰርቨሩ ዘንድ በ180 ይደርሳል፣ መልሱ በ181 ይነሳል፣ በ221 ይመለሳል። ቀመሩ የመጀመሪያውን ልዩነት 180፣ የሁለተኛውን ደግሞ 40 ሲቀነስ አድርጎ ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል 70 ሚሊ ሰከንድ ይወጣል። ስለዚህ ትክክል የነበረው ሰዓት «በ70 ሚሊ ሰከንድ ዘግይተሃል» ተብሎ ወደፊት ይገፋል። ሌላው ማሽን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስመሩ ፀጥ ባለበት ሰዓት ቢጠይቅ ስህተቱ ምናልባት 5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሁለት ሰርቨሮች በዚህ ምክንያት እርስ በርስ ይራራቃሉ። ከመንገዱ አለመመጣጠን የሚመጣው ስህተት ከሙሉ የደርሶ መልስ ጊዜ ግማሽ ሊበልጥ አይችልም፤ በቢሮ ውስጥ ባለ ስዊች በኩል ሲጠየቅ ደርሶ መልሱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ስለማያልፍ ስህተቱም ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። የውስጥ ሰርቨር የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የውስጡ ሰርቨር 70 ሚሊ ሰከንድ ቢሳሳት እንኳ ሁሉም አብረው 70 ሚሊ ሰከንድ ይሳሳታሉ፤ ሎጎቹ ግን ይናበባሉ።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ማሽን በተቻለ መጠን ቨርችዋል (በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር) ሳይሆን አካላዊ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ የተሰካ፣ ሌላ ከባድ ጭነት የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። አሮጌ ዴስክቶፕም ይበቃል። ክሮኒን በተለመደው የኡቡንቱ የጥቅል መጫኛ ስንጭን ቀድሞ የነበረው የሲስተምዲ (የኡቡንቱ አገልግሎት አስተዳዳሪ) ቀላል የሰዓት ደንበኛ ካለ ይወገዳል። ያኛው መጠየቅ እንጂ ለሌሎች መልስ መስጠት ስለማይችል ለውስጥ ሰርቨርነት አይሆንም። የቅንብሩ ፋይል በኢቲሲ ሥር ባለው የክሮኒ ፎልደር ውስጥ ይገኛል።

በፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚታዩት የውጭ ምንጮች ናቸው። ከአራት ያላነሱ ይሁኑ፤ ሁለት ምንጮች ሲጋጩ የትኛው እንደሳተ መለየት አይቻልም፣ ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ አንዱን ያጋልጡታል፣ አራተኛው ደግሞ አንዱ ሲጠፋ ይህ ሚዛን እንዳይፈርስ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው በፈቃደኞች የሚንቀሳቀሰው የኤን ቲ ፒ ፑል (የሰዓት ሰርቨሮች ስብስብ) ለዚህ ጥሩ ምንጭ ነው። በአፍሪካ ውስጥ ያሉት የፑሉ ሰርቨሮች ጥቂት ስለሆኑ የአውሮፓን ቀጠና መጨመሩ አይጎዳም። በየመስመሩ መጨረሻ «አይበርስት» የሚለው አማራጭ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ሲነሳ በፍጥነት ተከታታይ ጥያቄዎችን ስለሚልክ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይስተካከላል። በፋየርዎሉ በኩል የሚያስፈልገው የዩዲፒ በር 123 ብቻ ነው።

ክሮኒ ካልተፈቀደለት በስተቀር ለማንም ሰዓት አይሰጥም። ስለዚህ «አላው» በሚለው ትእዛዝ የቢሮውን የውስጥ አድራሻ ክልል፣ ለምሳሌ 10.0.0.0/24ን እንፈቅዳለን። ክልሉን ሳይጠቅሱ ለዓለም ሁሉ ክፍት መተው አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሜክስቴፕ 1 3» የሚለው መስመር ነው። ትርጉሙም ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ማስተካከያዎች ብቻ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ ይዝለል፣ ከዚያ በኋላ ግን በዝግታ ብቻ ይስተካከል ማለት ነው። ሰዓት በሥራ ላይ እያለ ወደኋላ ሲዘል ዳታቤዞች ይታወካሉ፤ አንድ መዝገብ ከራሱ ማሻሻያ በኋላ የተፈጠረ ሆኖ ይታያል። በዝግታ ማስተካከል ማለት ግን ሰከንዱን ለጊዜው ትንሽ ማሳጠር ወይም ማስረዘም ስለሆነ ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደፊት ይሄዳል።

አሁን ወደ መቆራረጡ እንምጣ። ኢንተርኔት ሲጠፋ የውስጡ ሰርቨር መልስ መስጠቱን ወዲያው አያቆምም፤ ነገር ግን ከመልሱ ጋር የሚልከው የጥርጣሬ መጠን (ሰዓቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚገልጽ ግምት) በየጊዜው እያደገ ይሄዳል፤ ደንበኞቹም መጠኑ በነባሪው 3 ሰከንድ ሲያልፍ ሰርቨሩን አይቀበሉትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማሽን በራሱ ክሪስታል ይነጉዳል። ይህን የሚከለክለው «ሎካል ስትራተም 10» የሚለው መስመር ነው። ስትራተም ከአቶሚክ ሰዓት ወይም ከጂፒኤስ ያለው ርቀት ደረጃ ሲሆን 16 «አልተናበበም» ማለት ነው፤ 10 መባሉም ትክክለኛ ምንጭ ሲገኝ ሁሉም ያንን እንዲያስቀድም ነው። የውስጥ ሰርቨሮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ «ኦርፋን» የሚለውን ቃል ጨምሮ እያንዳንዳቸውን የሌላው ምንጭ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በኢንተርኔት መጥፋት ጊዜ ሁለት አለቃ ይኖራል።

ይህ መስመር ግን አንድ አደጋ አለው፤ ብዙ መመሪያዎች ሳይጠቅሱት ያልፋሉ። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ዩፒኤሱ አለቀ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። መብራቱ ሲመጣ ሰርቨሩ ከእውነተኛው ቀን ወራት ወይም ዓመታት ወደኋላ ሆኖ ይነሳል፣ ኢንተርኔቱ ገና አልተመለሰም። በዚህ ጊዜ «ሎካል» የተጻፈበት ሰርቨር ያንን የተሳሳተ ቀን ለቢሮው ሁሉ በልበ ሙሉነት ያድላል። አዲሶቹ የክሮኒ ዕትሞች ለዚህ «አክቲቬት» የሚል አማራጭ አላቸው፤ ሰርቨሩ ከተነሳ ወዲህ አንዴ እንኳ ከውጭ ምንጭ ጋር ካልተናበበ በራሱ ሰዓት እንዳይመሰክር ያግደዋል። አማራጩ በሌለበት ዕትም ደግሞ ፕሮግራሙን «ኤስ» በሚለው የማስነሻ አማራጭ ማስነሳት ይረዳል፤ የባትሪው ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ክሮኒ የክሪስታሉን መዛባት የሚመዘግብበት ፋይል መጨረሻ የተጻፈበትን ጊዜ ወስዶ ከዚያ ይጀምራል። ትክክለኛ ሰዓት ባይሆንም ቢያንስ ወራት ወይም ዓመታት ወደኋላ አይመለስም። ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ግን ያቺን ባትሪ መቀየር ነው።

በደንበኛ ማሽኖቹ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው፦ የውጭ ምንጮቹን አጥፍቶ የውስጥ ሰርቨሮቹን አድራሻ ማስገባት። ቨርችዋል ማሽኖች ላይ ግን አስተናጋጁ ሶፍትዌር ራሱ የእንግዳውን ሰዓት የሚያስተካክልበት አማራጭ ካለ ይጥፋ፤ አንድ ሰዓት ሁለት አስተካካይ ሲኖረው ወዲያና ወዲህ ይላል።

ውጤቱን ለማየት የማያ ገጹን ሰዓት ከእጅ ሰዓት ጋር ማነጻጸር ፋይዳ የለውም። የክሮኒ የትእዛዝ መሣሪያ «ሶርስስ» ሲባል ምንጮቹን ይዘረዝራል፤ የኮከብ ምልክት ያለበት የተመረጠው ነው፣ የመደመር ምልክት ከእሱ ጋር አብሮ የሚታሰበው፣ የኤክስ ምልክት ያለበት ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ስለተጋጨ ውሸተኛ የተባለው ነው። «ሪች» በሚለው ዓምድ ሥር 377 ከታየ ደስ ይበላችሁ፤ ቁጥሩ በስምንት መሠረት ስለሚጻፍ የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል ማለት ነው። 376 ከሆነ የመጨረሻው ብቻ ሳይመለስ ቀርቷል። «ትራኪንግ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ የሰዓቱን ወቅታዊ ልዩነት፣ ስትራተሙንና ክሪስታሉ ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሚዛባ ያሳያል።

የመቆራረጡን ቅንብር መሞከር የሚፈልግ ሰው የኢንተርኔት ገመዱን ነቅሎ ለአሥር ደቂቃ ቢጠብቅ ምንም ለውጥ አያይም፤ «ሎካል» የሚነቃው የጥርጣሬው መጠን 1 ሰከንድ ሲደርስ ነው፣ በደንብ ሲናበብ በቆየ ሰርቨር ላይ ደግሞ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ለሙከራው ብዙ ቀን መመደብ የተሻለ ነው። ሲነቃ በሰርቨሩ ላይ ስትራተሙ 10፣ በደንበኞቹ ላይ 11 ሆኖ ይታያል። ክሪስታሉ ምን ያህል እንደሚዛባ ቀድሞ ስለተመዘገበ፣ ሳይታረም የሚቀረው ከሚሊዮን 1 እጅ ቢሆን ከሦስት ቀን በኋላ ሰዓቱ የሚስተው 0.26 ሰከንድ ያህል ነው፤ ገመዱ ሲመለስም ክሮኒ ይህን ልዩነት ሳይዘል በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያቃናዋል።