የሚበላው የሮስ ምስል

ቺካጎ የሄድኩት ከረሜላ ለማየት ነው ብል ማን ያምነኛል? ስለ ከተማዋ ብዙ አልልም። ሚሺጋን ጎዳና ላይ ያሉትን ሁለት የነሐስ አንበሶች አልፌ ቀጥታ ወደ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ፣ ወደ አርት ኢንስቲትዩት ገባሁ።

ጥግ ላይ ተቆልሏል። በሚያብለጨልጭ ባለቀለም ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ። በኩባ የተወለደው ፌሊክስ ጎንዛሌዝ ቶሬስ በ1991 የሠራው የሮስ ምስል ይኸው ነው። ፊት የለው፣ ዓይን የለው። ሮስ ላይኮክ የአርቲስቱ ፍቅረኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኤድስ ሞተ። ክምሩ ሙሉ ሲሆን 175 ፓውንድ ነው፤ ወደ 79 ኪሎ፣ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሊመዝን የሚችለውን ያህል። የፈለገ ተመልካች ማንሳት ይችላል። ከላዩ በተነሳ ቁጥር ክምሩ ይከሳል። ሙዚየሙ ደግሞ መልሶ ሊሞላው ይችላል።

ጥበቃዋን አየት አደረግኳት። በአገጯ «ውሰድ» አለችኝ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ አዳራሹ ሁሉ የሰማኝ መሰለኝ። አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ይጣፍጣል። ምላሴ ላይ መሟሟት ሲጀምር ግን የማን አካል እንደሆነ ትዝ አለኝ። መትፋትም ነውር፣ መዋጥም ጭንቅ። ከንፈር፣ ስኳር፣ ሬሳ፤ ሁሉም አንድ ላይ አፌ ውስጥ።

የእንግሊዛዊውን አርቲስት የዴሚየን ኸርስትን የ2007 የራስ ቅል አስታወስኩ። ፕላቲነም፣ 8,601 አልማዝ፣ የእውነተኛ ሰው ጥርስ። የተጠየቀበት ዋጋ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እሱን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፤ ቢሆንም አድሎዬን አልደብቅም። ያ የራስ ቅል ከሞት ይልቅ ስለ ዋጋው ነው የሚያስወራው። ታየዋለህ፣ «ጉድ ነው!» ትላለህ፣ ታልፋለህ። እዚህ ግን የምታከሳው አንተው ነህ፤ ያውም እየጣፈጠህ።

በ2022 ሙዚየሙ የከረሜላውን ክምር መግለጫ ጽሑፍ ሲቀይር ሮስንም ኤድስንም ሳይጠቅስ ቀረ። ቁጣው ሲበረታ አስተካከለው። ተቺዎቹ ልክ ነበሩ። ጎንዛሌዝ ቶሬስ ራሱ በ1996፣ በ38 ዓመቱ፣ በዚያው በሽታ ነው የሞተው። ይህን ካወጣኸው የሚተርፈው ብልጭልጭ ወረቀት ነው።

ከኋላዬ የነበረ ትንሽ ልጅ ግን ስለ መግለጫው ምን ገዶት! በሁለት እጁ እያፈሰ ኪሱን ሞላ። እናቱ አፍራ ልታስመልሰው ስትል ጥበቃዋ ሳቀችና «ተይው፣ ይውሰድ» አለቻት።