ባዶ ቦታውን ሙላ

የኮምፒውተር ስክሪን በስልክ ፎቶ ከሚያነሱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለ ነገር ለሰው ማሳየት ስፈልግ ስልኬን አወጣለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ቀጭ! ፎቶው ላይ ጽሑፉ ተንጋዶ ይወጣል። መሀሉ ላይ የአምፖል ነጸብራቅ፣ ጠርዙ ላይ የጣቴ ጥላ። የላክሁላቸው ሰዎች ምንም ብለውኝ አያውቁም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ከኋላዬ ቆማ ደረሰችብኝ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ስክሪኑን እያነሳሁ።»

«በስልክ?»

«በምን ላንሳው ታዲያ?»

መልስ አልሰጠችኝም። እጇን በትከሻዬ ላይ አሻግራ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትን እና ኤስን አንድ ላይ ተጫነች። ስክሪኑ ደብዘዝ አለ። በማውዝ የፈለግኩትን ቦታ ብቻ ከበብኩት። ኢሜይሉ ላይ ሄጄ ፔስት ሳደርገው ጥርት ብሎ ቁጭ አለ። የጣት ጥላ የለ፣ ነጸብራቅ የለ።

«ይሄን ፕሮግራም ከየት አወረድሽው?» አልኳት።

«ከየትም። ድሮም እዚሁ ነበረ።»

«ድሮም እዚሁ ነበረ» ያለችው ነገር ከነከነኝ። እኔ እኮ ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ሥራ አንድ ፕሮግራም ከኢንተርኔት የማወርድ ሰው ነኝ። ስክሪን የሚቆርጥ አንድ፣ የፋይል ስም የሚቀይር አንድ፣ ቀን የሚቆጥር አንድ። ሁሉም ሲገቡ ሳይጠራ የሚመጣ ዘመድ አስከትለው ነው። አንዱን ስጭን ሁለት ማስታወቂያ አብሮ ይገባል። ላፕቶፑ ሲነሳ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያቃስታል።

የዚያን ዕለት ማታ ቆፈራ ጀመርኩ። በሳምንቱ «የኮምፒውተር ሰው» ሆኜ አረፍኩት።

መጀመሪያ ያገኘሁት ኤፍ 2 የሚባለውን ቁልፍ ነው። ብዙ ፎቶዎችን አንድ ላይ መርጠህ ኤፍ 2ን ተጭነህ «ጉዞ» ብለህ ትጽፋለህ፤ ኢንተር ስትል ሁሉም ጉዞ 1፣ ጉዞ 2 እያሉ ተራ ይይዛሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያው ሞቅታ ወደ ሥራ ፎልደሬ ገባሁና የአንዱን ሪፖርት ስም ላስተካክል ብዬ ኤፍ 2ን ተጫንኩ። «የመጨረሻው» ብዬ ጻፍኩ። ኢንተር።

ለካ ቅድም ሁሉንም ፋይል መርጬ ኖሯል። ስልሳ ሦስት ፋይሎች በአንድ ትንፋሽ የመጨረሻው 1፣ የመጨረሻው 2፣ የመጨረሻው 3... የመጨረሻው 63 ሆኑ። ደብዳቤው፣ ደረሰኙ፣ የሥራ ዕቅዱ፣ ሁሉም የመጨረሻው። ላብ አጠመቀኝ። ተስፋ ቆርጬ ኮንትሮል ዜድን ተጫንኩ፤ ስሞቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ብዙ ሰው ኮንትሮል ዜድ የጽሑፍ ስህተት ብቻ የሚመልስ ይመስለዋል። የፋይል ስምም ይመልሳል። ብቻ ሌላ ነገር ሳትነካካ፣ ወዲያው ነው ማድረግ ያለብህ።

ከዚህ የሚማር ሰው ይማራል። እኔ ባሰብኝ።

ኖትፓድን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከመጀመሪያው ዊንዶውስ ጋር የመጣ ነጭ ወረቀት ነው፤ ማንም አያከብረውም። ነገር ግን አዲስ ፋይል ከፍታችሁ መጀመሪያው መስመር ላይ ነጥብ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ ኤል፣ ኦ እና ጂን በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ሴቭ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ያን ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር የዕለቱን ቀንና ሰዓት ራሱ ይጽፍላችኋል። ማስታወሻ ደብተር ሆነ ማለት ነው። የኔው ላይ የሁለት ሳምንት ውሎዬ አለ። አብዛኛው «ዛሬ ስለ ኖትፓድ ለሰው አስረዳሁ» ነው የሚለው።

ልቤን የወሰደው ግን ክሊፕቦርዱ፣ ማለትም ኮፒ ያደረግነው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ዕድሜ ልኬን ኮፒ የሚባለው ነገር አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ወንበር ይመስለኝ ነበር፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይነሳል። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ቪን ስትጫኑ ግን አንድ ሳጥን ብቅ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካበራችሁት በኋላ ኮፒ ያደረጋችሁትን እስከ 25 ድረስ ደርድሮ ያስቀምጣል። ከመሀል የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ፔስት ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋና ሲነሳ ዝርዝሩ ይሰረዛል። እንዳይሰረዝ የምትፈልጉት ካለ ጎኑ ላይ ያለችውን የመርፌ ምልክት ትነካላችሁ፤ ፒን ማድረግ ይባላል። ፒን የተደረገ ነገር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም አይሄድም።

እኔ አንድ ነገር ፒን አድርጌ ነበር። ስለሱ በኋላ።

ወሬዬ አለቃችን ጆሮ ደረሰ። ቢሮአቸው አስጠሩኝ።

«የማናውቃቸውን ነገሮች ታሳያለህ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ፣ እመቤት።»

«አርብ ግማሽ ሰዓት ልስጥህ። ለሁሉም አሳየን።»

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። እስከ አርብ ድረስ ዴስክቶፔን አጸዳሁ። የግል ፎልደሮቼን ደበቅኩ። የጀርባውን ፎቶ ቀይሬ ተራራ አደረግኩበት። ጨዋ ኮምፒውተር መሰለ። የክሊፕቦርዱ ነገር ውልም አላለኝ።

አርብ ደረሰ። ፕሮጀክተሩን ሰካሁና የዊንዶውስ ቁልፍና የፒ ፊደልን ተጫንኩ። አራት ምርጫ ይመጣል። ኤክስቴንድ የሚለውን ብመርጥ ኖሮ ግድግዳው ላይ የሚታየው እኔ ወደዚያ የወሰድኩት ነገር ብቻ ይሆን ነበር። እኔ ግን «ከባልደረቦቼ ምን እደብቃለሁ» ብዬ ዱፕሊኬትን መረጥኩ። በኔ ስክሪን ያለው ሁሉ፣ ግድግዳውን አክሎ።

አጀማመሬ ለጉድ ነበር። ከመቀመጫችሁ ስትነሱ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤልን ተጫኑ፣ ስክሪኑ ይቆለፋል አልኳቸው። ካልኩሌተሩ ውስጥ ገብቼ በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ የሚያሰላውን አሳየኋቸው። አንዱ ባልደረባዬ ወዲያው ለጡረታ ስንት ቀን እንደቀረው አሰላ፤ ፊቱ ጠቆረ። ስክሪን መቁረጡን ሳሳይማ አጨበጨቡ። አለቃችን ራሳቸው ማስታወሻ ያዙ።

«አሁን ደግሞ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሕይወታችሁን የሚቀይር ነገር።»

የዊንዶውስ ቁልፍ። ቪ።

ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ተንጣለለ። ከላይ የዋይፋይ የይለፍ ቃል አለ፤ እሺ። ቀጥሎ የሆነ ሰው ስልክ ቁጥር። ሦስተኛው ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ኮፒ ያደረግኩት ርዕስ ነው፤ «በረጅም ስብሰባ ላይ እንቅልፍን የመቋቋሚያ ዘዴዎች» ይላል።

ከኋላ አንድ ሰው አሳለው። እኔ ግን አልደነገጥኩም። «አያችሁ» አልኩ፣ «እንዲህ ዓይነት ቆሻሻ ሲጠራቀም ክሊር ኦል የሚለውን ነክቶ ማጽዳት ነው።» ነካሁት።

ሁሉም ጠፋ። ፒን ያደረግኩት ሲቀር።

ክሊር ኦል ፒን የተደረገውን አይነካም። ይህንን ማወቅ የነበረብኝ ከዚያ በፊት ነበር። ባዶ ሳጥን ውስጥ፣ ብቻውን፣ የክፍሉን ግድግዳ ሞልቶ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ______ በጣም ስላመመኝ ዛሬ ሥራ መግባት አልችልም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። አለቃችን መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እዚህ ጋ የሚገባው ምንድን ነው?»

ምላሴ ተሳሰረ። ከኋላ አንዱ መለሰልኝ፦

«ባለፈው ወገብ ነበር።»

«ከዚያ በፊት ሆድ» አለች ሌላዋ።

መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም እንጂ ለምኛት ነበር። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኮንትሮልን፣ የዊንዶውስን ቁልፍና ዲን አንድ ላይ ከተጫንክ አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ የነበረው ሁሉ ከኋላ ይቀራል። በዝርዝሬ ላይ ቀጥሎ የማሳየው እሱን ነበር። ከሱ ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር ነው። ጣቴ መስመር ዘለለ።

«ስታርቲንግ ናሬተር» አለ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ አንድ ድምፅ።

ናሬተር ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስክሪኑ ላይ ያለውን እያነበበ የሚነግር ፕሮግራም ነው። እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው፤ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ማንም የማይነግራችሁ ነገር። ለኔ ግን በዚያች ሰዓት እንደ መለከት ነበር የጮኸው። አንድ ነገር በነካሁ ቁጥር ያወራል። ልዘጋው ስሞክር ልዘጋው እንደሞከርኩ ለሕዝብ ይናገራል። «ዊንዶው» ይላል፤ «በተን» ይላል፤ ድንጋጤ የሚባል የለውም። የከፈቱት ሦስት ቁልፎች መልሰው እንደሚዘጉት አውቅ ነበር። ትናንት ማታ። አሁን ስሜንም አላውቅም።

ያዳነችኝ የቅርብ ጎረቤቴ ናት። ከወንበሯ ተነስታ ሦስቱን ቁልፎች ተጫነች፤ «ኤግዚቲንግ ናሬተር» ብሎ ዝም አለ። ቀጥላ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል። ስክሪኑ ተቆለፈ፤ ግድግዳው ላይ ሰዓትና ቀን ብቻ ቀረ። ከሰላሳ ሰው መሀል ትምህርቴን ከልብ ያዳመጠችው እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ ኮምፒውተሬን ጠቅልዬ ልወጣ ስል አለቃችን በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ወዴት ነው? ገና አሥር ደቂቃ አለህ።» ማስታወሻቸውን ገለጡ። «ፒን የሚደረገው በየት በኩል ነው አልከን?»

አሥሯን ደቂቃ እንዴት እንደጨረስኳት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ፕሮጀክተር በሰካሁ ቁጥር ምርጫዬ ኤክስቴንድ ነው። በኢንተርኔት ስብሰባ ላይም ሙሉውን ስክሪን አላጋራም፤ አንዷን መስኮት ብቻ። ከዚያ በፊት ክሊፕቦርዱን ከፍቼ መርፌዋን ሁሉ እነቅላለሁ። የይለፍ ቃል ኮፒ ካደረግኩ ደግሞ ወዲያው ከዝርዝሩ አጠፋለሁ፤ እዚያ ውስጥ ሳይሸፈን ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ያቺን ደብዳቤማ በእጄ ነው የሰረዝኳት።

ከወር በኋላ ጥርሴን አመመኝ። የምር። ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔን ሊዘጋ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ስንቆራጠጥ አድሬ ጠዋት መልእክት ልጽፍ ስልኬን አነሳሁ። ሃያ ጊዜ ጻፍኩ፣ ሃያ ጊዜ አጠፋሁ። እንዴት አድርጌ ብጽፈው ያቺኑ ደብዳቤ ይመስላል። በመጨረሻ «ጥርሴን በጣም ስላመመኝ ዛሬ መግባት አልችልም» ብዬ ለአለቃችን ላክሁ።

ሃያ ደቂቃ ዝም። ከዚያ አንድ ምስል መጣልኝ። የኔው መልእክት ነው፤ ያ ስክሪን በሚቆርጠው ፕሮግራም፣ በስኒፒንግ ቱል፣ በሥርዓት፣ ጠርዙ እንኳ ሳይዛነፍ ተቆርጧል። «ጥርሴን» የምትለዋ ቃል ላይ በቢጫ ማድመቂያ ተሰምሮባታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ባዶ ቦታው ተሞልቷል። ይማርህ።»